በአንድነትና በነጠላ

ቤቴ በሐራጅ በተሸጠ በአምስተኛው ወር ደብዳቤ መጣልኝ። ሳቢያን ውስጥ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በር የሚያንኳኳ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ የክፉ ጉዳይ ነው፤ የሰፈሩ ሰው በዚያ ሰዓት ሽርጡን አገልድሞ ጥላ ይዟል። ፈርሜ ተቀበልኩ። ከመያዣው ሽያጭ ያልተሸፈነ ቀሪ ዕዳ፣ 560,000 ብር። ደግሜ አነበብኩት። እኔ እኮ ቤቱን ሰጥቼ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜ ያገለገለ አይሱዙ ለመግዛት 2 ሚሊዮን ብር ተበደረ። እኔ ቤቴን አስያዝኩለት። የእናት ልጅ ነው፤ እምቢ እንዴት ይባላል? ሁለት ዓመት ደህና ከፈለ። ከዚያ ሥራው ቀዘቀዘ፣ ሞተሩ ወረደ፣ የመለዋወጫው ዋጋ ሰማይ ነካ። ወለድ ግን አይታመም፣ አይተኛ። በ2016 ዓ.ም. ዕዳው ከነቅጣቱ 2,460,000 ደረሰና ስሜ በሐራጅ ማስታወቂያ ሠንጠረዥ ላይ «አስያዥ» በሚለው ዓምድ ሥር ወጣ። ሃያ ዓመት ለጋዜጣ የጻፍኩ ሰው፣ ስሜን በሠንጠረዥ ውስጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ደብዳቤውን ይዤ የድሮ ተማሪዬ የነበረ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ።

«መምህር፣ መያዣ ክፍያ አይደለም» አለኝ። «ማስተማመኛ ነው። ቤቱ ተሽጦ ካልበቃ ዕዳው አለ።»

«የእኔ ዕዳ አይደለማ! የወንድሜ ነው።»

«ቤት ብቻ አስይዘው ቢሆን ኖሮ እውነትዎን ነበር፤ ቤቱ ከሄደ እርስዎን የሚነካዎት የለም። ግን ዋስም ሆነዋል።» ጣቱን ውሉ ላይ አሳረፈ። «በአንድነትና በነጠላ ይላል።»

እናላችሁ፣ ያቺን ሐረግ በፈረምኩበት ቀን አይቻታለሁ። እንዲያውም ምቷ ደስ ብሎኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን አንዲት ቃል ይዤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰሙን ከወርቁ ስለይ የኖርኩ ሰው፣ የገዛ ቤቴ ያለበትን ወረቀት እንደ ዜና አንብቤ ፈረምኩ። ወርቁ ለካ «ከሁለታችሁ ያገኘሁትን አንዱን ለሙሉው እይዛለሁ» ነው።

ጠበቃው ተስፋ አልቆረጠም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ዋስ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላልና ያንን ፈለገ። ተጽፏል፤ በአኃዝም በፊደልም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንክ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን እንዲሸጥ ይፈቅዳል፤ ማስጠንቀቂያውም በወጉ ደርሶኛል። የቀረልኝ አንድ ነገር ነው፤ ለቀሪው ዕዳ ባንኩ መክሰስ አለበት። ቢፈረድብኝም አልጋዬንና ድስቴን ሕጉ ይተውልኛል፤ ከደመወዝም ሁለት ሦስተኛው አይነካም። ዱሮ አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ይዞሩ ነበር፣ ቁራኛ ይባላል፤ ከዚያ አንጻር ሲታይ እድገት ነው።

ሌላውም ዓለም በዚህ ጉዳይ አልተስማማም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት መግዣ የተሰጠ ብድር በአብዛኛው ከቤቱ አልፎ ባለቤቱን አይከተልም። ስፔን ውስጥ ግን ይከተላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ ቁልፋቸውን አስረክበው ዕዳው የቀረባቸው ሰዎች ባርሴሎና ላይ ተደራጅተው ጎዳና ወጥተዋል። እኔ ጎዳና አልወጣሁም። ባንክ ቤት ሄጄ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ ቅጣቱ እንዲቆም፣ በወር 9,000 ብር እንድከፍል ተስማማን። 63 ወር ነው። ስጨርስ ስልሳ አንድ ዓመት ይሆነኛል። የስምምነቱን ወረቀት ቤት ወስጄ ሁለት ቀን አነበብኩት፤ ጸሐፊዋ ስቃብኛለች። ወንድሜ አሁን የሰው መኪና ይነዳል። ወር ጠብቆ 4,000 ይልክልኛል፣ ስልክ ግን አይደውልም። ሕጉ የከፈልኩትን ከእሱ እንዳስመልስ ይፈቅድልኛል። ወንድሜን ልክሰስ?

ከሁሉ የሚቆጠቁጠኝ ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ጨረታ የቤቱ መነሻ 2,800,000 ነበር። አንድም ሰው ሲፒኦ ይዞ አልመጣም። ያን ሳምንት ጎረቤቶቼ ተሰብስበው መጡ፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ሳቢያን እንደምታውቋት ናት። «አቦ፣ የአንተን ቤት እኛ እንጫረትብህ? እንባ ያለበት ቤት ማን ይገባል!» አሉ። የምር አለቀስኩ። በሁለተኛው ጨረታ አንድ የማናውቀው ሰው ብቻውን መጣና በ1,900,000 ወሰደው።

ሒሳቡን የሠራሁት ደብዳቤው ከደረሰኝ በኋላ ነው። ከእነሱ አንዱ መነሻውን ከፍሎ ቢገዛኝ ኖሮ ዕዳው ተዘግቶ 340,000 ብር ተራፊ በእጄ ይቀር ነበር።

ዛሬ ያንኑ መንገድ ተሻግረን ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። የተከልኩት ኒም አጥሩን አልፎ ይታየኛል። ባለፈው ሰሞን ከቀድሞ ቤቴ አጠገብ ያሉት እናት ቡና ጠርተውኝ፣ ሁለተኛው ሲኒ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ያ ሰውዬ ግን ደህና ከፈለህ?» አሉኝ።

«ደህና ከፍሏል፣ እናቴ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ሦስተኛውን ቀዱልኝ።