ጆሮና ማዳመጫው

ለጆሮ ማዳመጫ ደህና ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን በየጊዜው ተገዝቶ የሚጣለው ርካሽ ኤርፎን ሲደማመር ከደህናው ይበልጣል ባይ ነኝ።

ሙዚቃ ማጫወቻዬን ይዤ ታክሲ ስሳፈር አብረውኝ የሚጮኹ ሦስት ናቸው፤ ሞተሩ፣ ረዳቱና የሾፌሩ ቴፕ። ጀርባው ክፍት በሆነ ማዳመጫ እነዚህን ለማሸነፍ ያለው መላ ድምፅ መጨመር ብቻ ነው። ታዲያ ተሸናፊው ማነው? ጆሮ! የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው 80 ዴሲቤል ቢሆን በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ነው። አንድ ወዳጄ ገና በሠላሳዎቹ ሳለ «እህ? ምን አልከኝ?» ማብዛት ጀምሯል። ጀርባው ድፍን የሆነው ማዳመጫ የውጪውን ጫጫታ በከፊል ስለሚከላከል፣ ድምፁ ዝቅ ተደርጎም ዘፈኑ ይሰማል።

ስገዛ ታዲያ ቀለሙ አያታልለኝም። ሽቦ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው መሰኪያው አንገት ላይ ነው፤ ስለዚህ ሽቦው የሚነቀል፣ የጆሮ ትራሱም የሚቀየር መሆኑን አያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የሴንሃይዘር ኤችዲ 25 ዕድሜው የረዘመበት አንዱ ምክንያት ክፍሎቹ እየተነቀሉ መተካታቸው ነው። ደግሞም 250 ኦም የሆነውን ለትልቅ ማጉያ ልተውለት፤ በትንሽ ማጫወቻ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ይሰንፋል።

አንድ አደራ ግን አለኝ፤ መንገድ ስታቋርጡ አውልቁት። ድፍኑ ማዳመጫ የመኪናውን ክላክስም ይደፍነዋል። ለማዳመጫው መለዋወጫ ተፈልጎ ይገኛል፤ ለጆሮ ግን ከየት ይመጣል?