ሶሪ

ዛሬ ጧት በታክሲ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ለመውረድ ይጣደፍ የነበረ አንድ ጐልማሳ፣ የግራ እግሬን አውራ ጣት በሙሉ ክብደቱ ከረገጠ በኋላ፣ በጆሮው የሰካውን ማዳመጫ እንኳ ሳይነቅል «ሶሪ» ብሎኝ ወረደ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ግን፣ ያልረገጡኝና አንዳች በደል የሌለባቸው እርሳቸው፣ ፊታቸውን ቋጥረው «እኔን!» አሉ።

ከመሥሪያ ቤት እንደ ገባሁም ሥራዬን ትቼ የዚህን «ሶሪ» የተባለ ቃል ሥርው ስመረምር ዋልሁ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃሉ «ሳሪግ» ሲሆን፣ የተወለደውም «ሳር» ከሚለው ስም ነው፤ ይህም በሬ የሚግጠው ሳር ሳይሆን ሕመም፣ ቁስል ማለት ነው። ለጆሮ የሚቀርበው «ሶሮው» የተባለው የሐዘን ስም እንኳ፣ በጉርብትና ብዛት በድምፅም በትርጓሜም ተመሳሰለው እንጂ የሥጋ ዘመዱ አይደለም፤ ዘመዱስ የጀርመኖቹ «ዜር» ነው፤ እርሱም ሕመምነቱን ረስቶ ዛሬ «እጅግ» ማለት ብቻ ሆኖ ቀርቷል። እንግዲህ ቀደምት እንግሊዞች ሶሪ ሲሉ «አመመኝ» ማለታቸው ነበር። ዛሬ ግን የካናዳዋ ኦንታሪዮ፣ ሶሪ ያለ ሰው በዚህ ቃሉ ብቻ ጥፋቱን እንዳመነ ተቆጥሮ በፍትሐ ብሔር ክርክር እንዳይያዝበት፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ሕግ እስከ መደንገግ ደርሳለች።

ሕግ ካነሣን አይቀር፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ለአንዲት ማኅተም ሦስት ሳምንት ሲያመላልሰኝ፣ በመስኮቱ ቀዳዳ የሚወጣልኝ ድምፅ «ሶሪ፣ ሲስተም የለም» የሚል ብቻ ነው። ይህ ሲስተም የተባለው ፍጡር ዓርብ ከቀትር በኋላ ሱባዔ ይገባ እንደሆነ እንጃ! በልጅነቴ ግን በአያቴ ደጅ፣ ጎረቤቱን የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ሽማግሌዎቹ «አንሣለት፣ ስለ እግዚአብሔር» እያሉ ሲማልዱለት፣ ተበዳዩም እያለቀሰ በገዛ እጁ ሲያወርድለት አይቻለሁ። የመስኮቱ ልጅ ድንጋይ ይሸከም አልልም፤ ቀና ይበልልኝ።

«ይቅርታ» ያልን እንደሆነ ደግሞ፣ የተበደለውን ሰው በደሉን እንዲተውልን መለመናችን ነው፤ ቆስሎ ሳለ ተጨማሪ ሥራ ሰጠነው ማለት ነው። «እኔን» ግን ምንም አይለምንም፤ ሕመሙ ወደ እኔ ይዙር ይላል። እንግሊዞቹ የጣሉትን ትርጓሜ፣ ያቺ እናት ዘንቢላቸውን ታቅፈው በታክሲ ይዘውት ይሄዳሉ።

እኔስ? ከንዴቴ ብዛት «ክፉ አይንካዎ» ሳልላቸው ወረድሁ። ጣቴ በረደልኝ፤ ይህ ግን እስካሁን ያመኛል።