የዐሥራ ሁለቱ ቃላት አደራ

ሀብትን መሰብሰብ አንድ ሙያ ነው፤ የሰበሰቡትን መጠበቅ ግን ሌላ ሙያ ነው። የጎጃም ገበሬ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ እህሉን ወቅቶ ጎተራ ካስገባ በኋላም ከነቀዝና ከአይጥ ጋራ ገና ብዙ ትግል ይጠብቀዋልና። በዘመናችን ግን በጎተራም በሣጥንም የማይገባ ሀብት መጥቷል፤ ይኸውም ቢትኮይንና መሰሎቹ የክሪፕቶ ገንዘቦች ናቸው።

ስለዚህ ነገር እንድጽፍ ያነሣሡኝ ከቡሬ ገጠር ወደ ፍኖተ ሰላም የመጡ አንዲት ባልቴት ናቸው። ልጃቸው ወደ ባሕር ማዶ ሲሄድ አንድ ደብተር በሣጥን አኑሮ፥ «እማዬ፥ ይህ አደራ ነው» ብሏቸው ነበር። እርሱ በዚያው ዐረፈ። ሣጥኑ ሲከፈት የገጹን ዳርቻና የመጨረሻውን መስመር ምስጥ በልቶታል። «የኔታ፥ ምን እንደሚል ያንብቡልኝ» ብለው ሰጡኝ፤ ተራ ቊጥር የተሰጣቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገንዘቡ በስልክ ውስጥ አይቀመጥም፤ መዝገቡ በዓለም ዙሪያ በብዙ ኮምፒዩተሮች ተገልብጦ ይኖራል። ስልኩ የሚይዘው ቁልፉን ብቻ ነው። ስልኩ ቢሰበር ቁልፉ እንደ ገና ይወጣ ዘንድ በ12 ወይም በ24 ቃላት ይጻፋል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2013 በወጣው ሥርዓት መሠረት ቃላቱ የሚወጡት 2,048 ቃላት ካሉበት ዝርዝር ነው። የእንግሊዝኛው ዝርዝር ቃላት በመጀመሪያዎቹ አራት ፊደሎች እርስ በርሳቸው ይለያሉ። ስለዚህ ጫፋቸው የተበላው 11 ቃላት ታወቁ። የጠፋው 12ኛውም የሌሎቹን ትክክለኛነት መመርመሪያ ስለሚይዝ፥ ሊሆኑ የሚችሉት ቃላት 128 ብቻ ናቸው። ኮምፒዩተር የተማረ የእኅታቸው ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ አንድ በአንድ ሞከረ፤ ብዙዎቹ ባዶ ቦርሳ ሲከፍቱ በሁለተኛው ምሽት አንዱ የልጃቸውን ገንዘብ ከፈተ።

ይሁን እንጂ ያዳናቸው ነገር ሊያጠፋቸውም ይችል ነበር። አንዳንድ ጎረቤቶች ገጹን በፎቶግራፍ አንሥተው፥ የጠፋ ገንዘብ አስመልሳለሁ ለሚል ለማያውቁት ሰው በስልክ እንዲልኩ መክረዋቸው ነበር። 11ዱን ቃላት የያዘ ሰው ግን ሁሉን እንደ ያዘ ይቈጠራል፤ የተወሰደውንም የሚመልስ ባንክ የለም።

የብሪታንያው ጄምስ ሃውልስ በ2013 የ8,000 ያህል ቢትኮይን ቁልፍ የያዘ ሃርድ ዲስክ ከቆሻሻ ጋራ ተጣለበት፤ ቆሻሻ መጣያውን ለመቈፈር ያቀረበውንም ክስ ፍርድ ቤቱ በ2025 ውድቅ አደረገው። በአገራችንም ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑን ገልጾ፥ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። እንግዲህ ግዙ አልልም፤ ነገር ግን ባሕር ማዶ ያለ ልጅ እንዲህ ያለ ሀብት ቢኖረው ቤተሰቡ አጠባበቁን ይወቅ።

ቃላቱ በሁለት ወረቀት ተጽፈው በሁለት ቤት ይቀመጡ፤ እሳትና ምስጥ እንዳይደፍራቸው በብረት ላይ መቅረጽ ይበልጣል። በስልክ ፎቶግራፍ ወይም በቴሌግራም አይቀመጡ። ስድስቱን በአንድ ቤት፥ ስድስቱን በሌላ ቤት ማኖርም ብልኅነት አይደለም፤ አንደኛው ወገን ቢጠፋ ሁለተኛው ከንቱ ይሆናልና። ብዙ ገንዘብ ከመግባቱ በፊት ቃላቱ ቁልፉን በእርግጥ የሚመልሱ መሆናቸው አንድ ጊዜ ይሞከር። ዳዊትን በቃሉ ያጠና የቆሎ ተማሪ 12 ቃላት አይከብዱትም፤ ነገር ግን በቃል ብቻ የተያዘ ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል።

ባልቴቲቱ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ቢትኮይንም ምን እንደ ሆነ አልሰሙም። ደብተሩ አደራ መሆኑንና የት እንዳለ ግን ያውቁ ነበር። እናንተም ወላጆች ሆይ፥ በሩቅ ያሉ ልጆቻችሁን ቃሉን ሳይሆን ቦታውን ጠይቋቸው።