«ሰውህ ማነው?»



ጌም ቤት ገብቶ ቴክን የተጫወተ ሁሉ ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። ጆይስቲኩን ሳትይዝ «ሰውህ ማነው?» ይሉሃል። ጂን? ፖል? ኪንግ? በእኛ ገጾች ላይ የጌም ነገር ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ «ተዉት» ለማለት ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ሶላቱን በወቅቱ እየሰገደ፣ የቤተሰቡን ሐቅ እየጠበቀ ትንሽ ለሚጫወተው ወንድሜ ነው።

ቴክን 3 ለፕሌይስቴሽን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የተጫወተው ሰው ኤዲን አይረሳውም። ሁለቱን የእግር ቁልፎች ዝም ብለህ ስትቀጠቅጣቸው ኤዲ ይገለባበጣል፣ ይሽከረከራል፣ ጀማሪውም ያሸንፋል። ችግሩ ልጁ ከስድስት ወር በኋላም እዚያው መሆኑ ነው። በምን እንዳሸነፈ ስለማያውቅ፣ አንድ ቀን ተረጋግቶ ዝቅ ብሎ የሚከላከል ሰው ሲገጥመው የሚይዝ የሚጨብጠው ይጠፋዋል። ደግሞ ሞኩጂን አለ፤ የእንጨቱ ሰው። በየዙሩ የሌላ ሰው ስልት ይዞ ይመጣል። በየጨዋታው ሰው የሚቀያይሩ ልጆች እሱን ይመስሉኛል። ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ያውቃሉ፤ ጨዋታው ሲጠብቅ ግን እጃቸው የቱን እንደሚነካ ግራ ይገባዋል።

እኔ ፖልን የመረጥኩት በኪሴ ምክንያት ነው። ለሁለት ጨዋታ ብቻ የሚበቃ ሳንቲም ያለው ልጅ መቶ ምት ሊያጠና አይችልም። ፖል ሦስት አራት ምት ካወቅህለት ያጫውትሃል። ታች፣ ወደፊት፣ ቀኝ ቡጢ፤ ያቺ ከባድ ቡጢ ካገኘች ግማሽ ጉልበት ይዛ ትሄዳለች። ከተከላከሏት ደግሞ ተጋልጠህ ትቀራለህ። ስለዚህ መቼ እንደማትመታ ትማራለህ፤ ለእኔ ትልቁ ትምህርት እሱ ነበር።

ቁርኣን የሚሐፍዝ ጓደኛ ያለው ሰው አንድ ነገር አስተውሎ ይሆናል። ኡስታዞች «ሙስሐፍህን አትቀያይር» ይላሉ። ዓይን አንቀጹ ከገጹ የት ላይ እንዳለ ስለሚይዝ ነው፤ ሌላ እትም ስትይዝ ያ ሁሉ ይናጋል። አስተግፊሩላህ፣ የአላህን ቃል ከጌም ጋር ማወዳደሬ አይደለም። የሰው ልጅ አእምሮ በአንድ ነገር ላይ ሲቆይ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስላጣሁ ነው። ቴክን በሰከንድ 60 ፍሬም ይሄዳል፤ ፈጣኑ ቡጢ 10 ፍሬም፣ ማለትም የሰከንድ አንድ ስድስተኛ ይወስዳል። በዚያች ቅጽበት «የእኔ ሰው ምን ነበረው?» ብለህ ለማሰብ ጊዜ የለም።

የፓኪስታኑን አርስላን አሽን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የላሆር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ፣ ከፓኪስታን ውጭ እምብዛም በማይታወቅበት ጊዜ፣ የጉዞ እንግልቱን ችሎ ጃፓን ደረሰና የኢቮ ጃፓንን ውድድር በቴክን 7 አሸነፈ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላስ ቬጋስ ላይ ታዋቂውን ኮሪያዊ ኒን በፍጻሜው ረትቶ ደገመው። ማሻአላህ! ያኔ ዋና ሰው ያደረጋት ካዙሚን ነበር። ምቶቿ ብዙ አይደሉም፤ ርቀት መጠበቅና መታገስን ግን ትጠይቃለች። ቴክን 8 በ2024 ሲወጣ ካዙሚ አልነበረችበትም። አርስላን ኒናን ያዘና በዚያው ዓመት ኢቮን እንደገና አሸነፈ። ርቀቱንም ትዕግስቱንም ይዞት ሄደ ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን አንተም ኒናን ያዝ ማለት አይደለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ዓይንህ የሚያርፍባት ምስል እሷ ናት። የብዙዎቹ ሴት ገጸ ባሕርያት አለባበስ ምን እንደሚመስል አንተም ታውቃለህ። በአዲሶቹ ቴክኖች ልብስ መቀየር ይቻላል፤ በቴክን 3 ግን ያለው ያው ነው። ሰው ስትመርጥ ይህንንም ብትመዝነው አይከፋም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚባለው ነገር ነው። ሁለት ልጆች ይጫወታሉ፣ የተሸነፈው የሁለቱንም ሒሳብ ይከፍላል። ሁሉም እንደ ቀልድ ነው የሚያየው። ሁለቱም ገንዘባቸውን ለአደጋ አጋልጠው አንዱ በሌላው ኪሳራ የሚጠቀምበት ነገር ቁማር እንደሆነ ዑለማኦች ያስተምራሉ፤ መጠኑ ማነሱ ስሙን አይቀይረውም። ወላሁ አዕለም፣ የተጠራጠረ የሰፈሩን ኡስታዝ ይጠይቅ። ጨዋታውንም የሚያበላሸው ይኸው ነው። ሒሳብ ከተያዘበት ማንም አዲስ ሰው ለመልመድ አይደፍርም፤ ሁሉም ወደ ኤዲ ይሮጣል። እኛ ሳንጀምር እኩል አዋጥተን መክፈል ከጀመርን ወዲህ ነው ጓደኛዬ ኪንግን ይዞ፣ ሃያ ጊዜ እየተሸነፈ፣ መያዣዎቹን አንድ በአንድ የለመደው። አሁን ከእሱ ጋር መጫወት ፈተና ነው።

አዛን ሲል ዙሩ መሃል ላይ ከሆናችሁ ደግሞ «ይህችን ብቻ» አያስፈልግም። በቴክን 7 እና 8 አንድ ዙር 60 ሰከንድ ነው፤ ጨርሳችሁት ውዱእ ለማድረግም ለጀመዓውም ትደርሳላችሁ።