የትምህርት ገንዘብ ደመወዝ አይደለም

በእኛ ሰፈር በፉሪ፣ ጃፓን ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የታክሲዎቹ ቶዮታ ነው። በ2009 ዓ.ም. የጃፓን መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል ማግኘቴ ሲሰማ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን እየመጣ፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ከእንግዲህ ችግር ከቤታችሁ ወጣ» አለን። ደስታቸው ከልብ ነበር። የቃሉ ክብደት የተሰማኝ ግን ቶኪዮ ከገባሁ በኋላ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በቋንቋ ትምህርት አለፉ። ጃፓኖች ከሁለቱ የፊደል ገበታዎቻቸው ሌላ ካንጂ የሚባሉ ምልክቶች አሏቸው፤ ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ የተመደቡት ብቻ 2,136 ናቸው። ሰዉ ዝምተኛ ቢሆንም ጨዋ ነው። አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ፣ «አበበ!» ብለው እጄን ጨበጡኝ። በ1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በከተማቸው ማራቶንን ሲያሸንፍ አልረሱትም።

የማስተርስ ትምህርቴን ስጀምር በወር የሚሰጠኝ 144,000 የን ነበር። በጊዜው ምንዛሪ ከሠላሳ ሺህ ብር በላይ ስለሆነ ፉሪ ላይ ሆኖ ለሚሰማው ሀብት ነው። ከዚህ ውስጥ ለቤት ኪራይ፣ ለመብራትና ለጋዝ 60,000፣ ለምግብ 40,000 ይወጣል። የባቡሩ፣ የስልኩ፣ የመጽሐፉና የጤና መድኑ ሲከፈል እጄ ላይ የሚቀረው 20,000 ገደማ ነው። ተማሪ ፈቃድ አውጥቶ ሊሠራ ቢችልም በሳምንት ከ28 ሰዓት ማለፍ ክልክል ነው።

ዘመድ ግን ይህን ከየት ይወቅ? አንዱ ላፕቶፕ፣ ሌላው የአጥር ቆርቆሮ ይጠይቃል። እናቴ ብቻ ምንም ጠይቃኝ አታውቅም። እሑድ ከቀኑ በሰባት ሰዓት ከቸርች ሲመለሱ እኔ ዘንድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ ስደውል «ደህና ነን፤ አንተ ብቻ በርታ» ትለኛለች።

አንድ እሑድ ታናሽ እህቴ ስልኩን ተቀብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አባታችን በስኳር ሕመም ምክንያት እግሩ ቆስሎ ከተኛ ሁለት ወር እንደሆነው ነገረችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ትምህርቱን ትቼ ልመለስ? ወይስ ከተፈቀደው ሰዓት በላይ ልሥራ? የመጀመሪያው የአባቴን ድካም ከንቱ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ሕግ መጣስ ነው።

ሲነጋ ወጪዬን ሁሉ በወረቀት ጽፌ እናቴ ዘንድ ደወልኩ። «እማዬ፣ ከእንግዲህ አንደባበቅ። እኔ የማገኘውንና የማወጣውን ልንገርሽ፤ አንቺም የቤቱን ንገሪኝ» አልኳት። አንድ በአንድ አነበብኩላት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «ልጄ፣ እኛ እኮ ተርፎህ የምትኖር መስሎን ነበር። አሁን ምን ብለን እንደምንጸልይልህ አወቅን» አለችኝ።

ከዚያ ወር ጀምሮ 15,000 የን ለአባቴ መድኃኒት መደብኩ። ለዘመድ ጥያቄ ደግሞ እናቴ ራሷ፣ «ልጄ ተማሪ እንጂ ሠራተኛ አይደለም» እያለች ትመልስልኝ ጀመር። የአባቴ ቁስል ቀስ በቀስ ደረቀ። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ አገሬ ገባሁ።

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ ባሕር ማዶ ለትምህርት ሲሄድ ምን ያህል እንደሚከፈለው ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንደሚያወጣም ጠይቁት። እናንተም የቤታችሁን ችግር «እንዳይጨነቅ» ብላችሁ አትሸሽጉት። የሩቅ ልጅን የሚያስጨንቀው የሰማው ችግር ሳይሆን የተደበቀበት ነው። እናንተም ተማሪዎች፣ ሒሳባችሁን ለቤተሰባችሁ ማሳየት ንፉግነት አይደለም። ትንሹም ገንዘብ ቢሆን መድረስ ያለበት ቦታ የሚደርሰው እውነቱን ሁለቱም ወገን ሲያውቀው ነው።