የ12ቱ ጣሳ ነገር

በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት የሚኖሩ ባልና ሚስት ከባልቲሞር ወደብ በመርከብ ተነሥተው 7 ቀን በባሕር ላይ ሊናፈሱ አሰቡ። ባልየው 11 ዓመት ሙሉ ዕረፍት ሳያውቅ ስለ ኖረ የመርከቡን ዋጋ ያለ ማመንታት ከፈለ፤ እንቅልፍ የነሣው ግን የለስላሳው መጠጥ ነገር ነው።

ካርኒቫል የሚባለው የመርከብ ኩባንያ እያንዳንዱ መንገደኛ በሚሳፈርበት ቀን እስከ 12 ጣሳ ለስላሳ በእጁ ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ በጠርሙስ የሆነውን ግን ይከለክላል። ይህን የማይወድ ሰው እንዳሻው ይጠጣ ዘንድ የቀን ሒሳብ ይከፍላል፤ ይኸውም የሚከፈለው ለጠጣበት ቀን ብቻ ሳይሆን ለጉዞው ሁሉ ነው፤ አንዱ የከፈለበትንም ሌላው ሊጠጣው አይፈቀድም።

ባል ወረቀት አውጥቶ አሰላ። 24 ጣሳ ለሁለት ሰው በ7 ቀን ሲካፈል በቀን ሁለት ሁለት እንኳ አይደርስም፤ ነገር ግን ውሃና ሻይ ቡናም ከምግቡ ጋራ ያለ ዋጋ ስለሚገኝ ይበቃናል አለ። በሒሳብ ከሆነ መርታቱ አያጠራጥርም።

ሚስቱ ግን ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ «ቤታችን ሳለን የቆጠርኸው አልበቃ ብሎ በባሕሩም ላይ ልትቆጥርብኝ ነውን?» አለችው። ባል መልስ አልነበረውም።

በማግሥቱ የእርሷን ሒሳብ ከፈለላት፤ እርሱ ግን በመሳፈሪያው ቀን 12 ጣሳውን አንጠልጥሎ ገባ። እርሷ በባሕሩ ላይ አብዝታ የጠጣችው ሻይ ሆነ፤ የእርሱ ጣሳ ግን በ4ኛው ቀን አለቀ። ከብርጭቆዋ ቅመስ ብትለው ሥርዓቱ ይከለክላል ብሎ እምቢ አለ።