ያልነደደ እንጨት

አራት ሆነን አንድ ሰው አሳደግን። ነገሩን እዚህ ላይ ብናቆመው አንባቢ ሌላ ነገር ሊጠረጥር ነውና ከሥሩ እንጀምር።

ጊዜው የካቲት 2015 ዓ.ም. ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ነበርን። የደብረ ታቦርን ብርድ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ከተማዋ 2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ማታ ማታ ከጉና በኩል የሚመጣው ነፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ መጽሐፍ የያዘ እጅ ያደነዝዛል። በመኝታ ክፍላችን አራት ነን። በስም መጠራራቱን ትተን የፎገራው፣ የፋርጣው፣ የእስቴው፣ የጋይንቱ እየተባባልን ነው የምንኖር። ደህና ስልክ የነበረው የፎገራው ብቻ ነው፤ አባቱ ሩዝ ሸጠው የገዙለት። ጨዋታውን ያመጣብንም እሱ ነው።

ጨዋታው ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ይባላል። ተረት በሚመስል አገር ውስጥ፣ ቤተ መንግሥትና ጠንቋይ፣ ዘንዶና ድንክዬ ጭራቅ ባለበት፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከየዓለሙ ማዕዘን በአንድ ጊዜ ገብቶ እያንዳንዱ የራሱን ሰው ያንቀሳቅሳል። ሩንስኬፕን አንድሩ ጋወር የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት ከወንድሞቹ ጋር ሠርቶ የለቀቀው በጥር 2001 እ.ኤ.አ. ነው። ጃጌክስ የተባለው የካምብሪጅ ኩባንያ በ2013 የ2007ቱን አሮጌ ቅጂ መልሶ ከፈተ፤ ከ2018 ወዲህ ደግሞ በእጅ ስልክ ይሠራል። የጨዋታው ልብ የምትመታው በየ0.6 ሰከንዱ ነው፤ ስለዚህ የሚንቀራፈፍ መስመር ብዙም አይገድለውም። ሳይከፍሉ መጫወትም ይቻላል። ለእኛ ቢጤ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ስም አውጡ ተባልን። አንዱ ቴዎድሮስ፣ አንዱ በላይ እያለ ሲከራከር የጋይንቱ ልጅ ከጋቢው ውስጥ ብቅ ብሎ «ቆሎ ተማሪ በሉት» አለ። አገሩ የቤተልሔም ድጓና የዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት አገር ነው። «ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ዱላ ይዞ፣ ከአገር አገር እየዞረ ከውሻ ጋር እየታገለ ዕውቀት የሚለቅም ማን ነው? ይኸን ጨዋታ እኮ አያቶቻችን በእግራቸው ተጫውተውታል» አለን። በዚሁ ጸደቀ። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ለእያንዳንዳችን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ተደለደለ። በአንድ ስም ብዙ ሰው መጫወት በጨዋታው ደንብ የተከለከለ መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ጥፋት ጥፋት ነው፤ አንክድም።

ቆሎ ተማሪ ለምብሪጅ በሚባል ቤተ መንግሥት አጠገብ ተጣለ። ዘንዶ ግደሉ የሚሉን መስሎን ጎራዴ ስናማርጥ፣ የግቢው ወጥ ቤት አዛዥ አንድ እንቁላል፣ አንድ ባልዲ ወተትና አንድ ማሰሮ ዱቄት አምጡልኝ አለን። ለመስፍኑ የልደት ኬክ ሊጋግር ነው። «ይኸንንማ ትቼው ነው የመጣሁት!» አለ የፋርጣው። ሆኖም ተላላክን። የእስቴው ላሚቱን በአንድ ጣት አለባት። ስንዴውን ከማሳ ቆርጠን፣ ወፍጮው ሰገነት ላይ ወጥተን ጨምረን፣ ታች ወርደን ዱቄቱን ቀዳን። ደመወዛችን በቤተ መንግሥቱ ምድጃ የማብሰል ፈቃድ ሆነ። ይኸን ምድጃ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ከዚያ በኋላ ሙያ ተከፋፈልን። የፎገራው የጣና ዳር ሰው ነኝ ብሎ ዓሣ ማጥመድን ወሰደ። የእስቴው ጦርነቱን ያዘ፤ ከቫሮክ ከተማ በስተደቡብ ጥቁር ጠንቋዮች ላይ ዘሎ በገባ ቁጥር መስመሩ ይቋረጣል፣ መስመሩ ቢቋረጥ ሰውዬው ወዲያው አይሰወርም፣ ቆሞ ይቀጠቀጣል፤ ስንመለስ ሞተን እንገኛለን። ሞት ማለት ግን ለምብሪጅ ተመልሶ መነሣት ነው፤ የተማርከው ሙያ አይቀነስብህም።

የፋርጣው ብረት ማቅለጥ ያዘ። ቤታቸው ለጋፋት ቅርብ ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን መድፍ ላስቀለጡበት። በጨዋታው አንድ ቁራጭ መዳብና አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ እቶን ውስጥ ብትጨምር ነሐስ ይወጣል፤ የብረት ማዕድን ግን ሲቀልጥ ግማሹ ይበላሻል። በተበላሸ ቁጥር የፋርጣው «በጋፋትም እንዲሁ ነበር» ይላል፣ አያቱ ያዩ ይመስል። ቆሎ ተማሪ 28 ዕቃ ተሸክሞ ሳያልከው ይሮጣል። ወደ 7 ቶን ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል ግን በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው፤ ያውም ተራራው እየተቆፈረ፣ በሰው ክንድ እየተጎተተ። የእኛ አገር ጨዋታ እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ክብደት አለው።

የእያንዳንዱ ሙያ መጨረሻ 99ኛ ደረጃ ነው። ሒሳብ የሚያጠናው የፋርጣው አንድ ማታ ወረቀት አውጥቶ አሰላና ጉዱን ነገረን። 99 ለመድረስ 13,034,431 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ግማሹ ነጥብ የሚሞላው ግን 92 ላይ ነው። 92 የደረሰ ሰው ጨረስኩ ሲል ገና እኩሌታው ላይ ነው ያለ። ስቀን አለፍነው። ያን ማታ ሳቅ ነበር።

የጋይንቱ እንጨት ቆራጭ ሆነ። እንደሱ ታጋሽ አልነበረንም፤ ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ አንድ ዛፍ ሥር ቆሞ ይቆርጣል። ዛፉ ወድቆ ብዙ ሳይቆይ መልሶ ይበቅላል፤ እሱም «እንዲህ ያለ አገር!» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ታዲያ አንድ ማታ የፎገራው «እሳት ማንደድም እኮ ሙያ ነው፤ ያለህን እንጨት ለኩሰውና ደረጃችን ይውጣ» አለው።

«ምን ሊበስልበት?»

«ምንም። ለደረጃ ነው።»

የጋይንቱ ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠው። «እናቴ ለአንድ ሸክም ጭራሮ ጎሕ ሲቀድ ወጥታ ረፋድ ላይ ነው የምትመለስ። እንጨት ሲጠፋ ኩበቱ ይነዳል፤ ኩበቱ ሲነድ ማሳው ይራባል። ድስት ሳይጣድ እንጨት አላነድም» አለ።

«ውሸት እንጨት ነው እኮ!»

«ቆራጩ እኔ ነኝ። የኔ ግማሽ ሰዓት ውሸት አይደለም።»

ምን ይባላል? የሚበስለውን ሁሉ በዚያ በቤተ መንግሥቱ ምድጃ እያበሰልን፣ እንጨቱን ባንክ እያስገባን ቀጠልን። የሌሎች ሙያዎቻችን ደረጃ ሠላሳና አርባ ሲያልፍ እሳት ማንደድ 1 ላይ ቀረ።

ጥፋት ሁሉ ከውጭ አልመጣብንም። የፎገራው ካራምጃ በምትባል ደሴት ያጠመደውን ሸጦ 18 ሺህ ሳንቲም አጠራቅሞ ነበር። ቫሮክ ገበያ ላይ አንዱ «ገንዘባችሁን እጥፍ አደርጋለሁ» እያለ ይጮኻል። 1 ሺህ ቢሰጠው 2 ሺህ መለሰለት። ያለውን ሁሉ ሰጠው፤ ሰውዬው ተሰወረ። በመናኸሪያ በር ሦስት ካርታ እያገላበጠ «ቀዩን ያየ» የሚለውን አልፎ የመጣ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲነግሩት ተታለለ! ሽምግልና ተቀመጥንበት፤ ለሦስት ቀን የክፍላችንን ውኃ እንዲቀዳ ተፈረደበት።

ኪሳራውን ለመመለስ አዲስ ሐሳብ አመጣ። በ2017 እ.ኤ.አ. የቬኔዝዌላ ገንዘብ ዋጋ ሲያጣ እዚያ ያሉ ወጣቶች የዚህን ጨዋታ ወርቅ እየለቀሙ በዶላር ይሸጡ እንደነበር አንብቦ ኖሮ እኛም እንሞክር አለ። ደንቡ ይኸንንም ይከለክላል። የጋይንቱ ግን ስለ ደንብ አላነሣም፤ «የቀን ሥራ ከሆነማ አገር ቤት አለልኝ» ብሎ ተሸፈነ። ነገሩ በዚያው ሞተ። እኛ መቼም ለወርቅ አልተቀመጥንም፤ ከጥናት ተርፎ፣ ከመተኛት በፊት፣ በአንድ መብራት ዙሪያ አራት ራስ ለማገናኘት ነው። እውነቱን ለመናገር ከጥናት ያልተረፈበት ሴሚስተርም ነበር። ውጤቱ መስክሮብናል።

ነሐሴ 2015 መጣ። እኛ ለዕረፍት በየቤታችን ነን። በክልሉ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ የግቢ ጥሪም ዘገየ። እነዚያን ወራት እናንተም አልፋችኋቸዋልና አንተርክም። አንዳችን የሌላችንን ደኅንነት እንኳ በሰው በሰው ነበር የምንሰማ። በመጨረሻ ግቢ ገብተን በግቢው መስመር የይለፍ ቃሉን ስንጽፍ፣ ቆሎ ተማሪ ያው ትተነው የሄድንበት ቦታ፣ ባንኩ በር ላይ ቆሟል። አልራበው፣ አላረጀ። እንጨቱም አልጎደለም። የእስቴው «ይኸ ሰው ጠበቀን» አለ። እኛን ግን ዕድሜያችን አልጠበቀንም፤ ያ ጊዜ ከማናችንም ባንክ ተመልሶ አይገኝም። በጨዋታውና በኑሮ መካከል ያለው ልዩነት ለእኛ ይኸው ነው፤ ጭራቁና ዘንዶው አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። 2017 ሦስተኛ ዓመታችንን ጨረስን። በዚያ ክረምት የጋይንቱ አባት ታመሙ። ልጁ የቤቱ ታላቅ ነው፤ በሬ የሚጠምድ ሌላ የለም። 2018 ምዝገባ ሲጀመር ሦስት ሆነን ተገናኘን። እሱ የዊዝድሮ ፎርም ሞልቶ ነበር።

በመጀመሪያው ማታ 3 ሰዓት ከግማሽ ሲሆን፣ የሱ ተራ ነበረችና፣ ስልኩ አልጋው ላይ ተቀመጠ፤ ማንም አላነሣውም። በሳምንቱ የፎገራው ጉሮሮውን ጠራረገ። ባንክ ውስጥ 4,112 እንጨት አለ፤ ብናነድደው የእሳቱ ደረጃ በአንድ ጊዜ ይተኮሳል፤ ልጁም ላይመለስ ይችላል አለ። ክፉ አስቦ አይደለም። የእስቴውም ሳይቃወም ዝም አለ። የፋርጣው «ባለቤቱን ሳንጠይቅ?» አለ። ተጨቃጨቅን፤ ስለ ውሸት እንጨት ድምፃችን ከፍ ብሎ የጎረቤት ክፍል ግድግዳ መታብን። የምንጨቃጨቀው ስለ እንጨት አለመሆኑን ሦስታችንም እናውቅ ነበር። «ላይመለስ ይችላል» የሚለውን ቃል መጀመሪያ አፍ አውጥቶ የተናገረው የፎገራው ስለሆነ ብቻ ነው የተቆጣነው።

በማግሥቱ ደወልን። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ይወጣል፤ ነፋሱ ከድምፁ ጋር ይመጣል። ሰላምታው አለቀ፤ አባቱ ደህና እየሆኑ ነው አለን። ከዚያ ራሱ ጠየቀን።

«እንጨቱስ?»

«አለ።»

«አልነደደም?»

«አልነደደም።»

ሳቀ። የፎገራውም አብሮ ሳቀ፣ ግን ፊቱን አዙሮ። «ትምህርቱስ? አንድ ዓመት እኮ ነው የቀረህ፤ ጨርሰኸዋል ማለት ነው» አልነው፣ እንዲያው ለማጽናናት። ጥቂት ዝም ብሎ፣

«92 ላይ ነኝ» አለ።

ሌላ ሰው ቢሰማው ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። ለእኛ ገባን። ከብቶቹ ወደ ሰው ማሳ እየገቡ ነው ብሎ ዘጋው።

ጨዋታ ጊዜ መግደያ ነው የምትሉን ወንድሞችና እኅቶች ልክ ናችሁ፤ እኛም ብዙ ማታ ገድለናል። ነገር ግን ያ ልጅ ከሌለ እንጨት በከንቱ እንደማይነድ፣ የሌላ ሰው ግማሽ ሰዓት እንደማይናቅ የት ተምረን ነበር? ለዚህ ክሬዲት የሚሰጥ ኮርስ አልወሰድንም።

አሁን በየኮርሱ የምንሰበስበውን ሃንዳውት አራት አራት ቅጂ ነው የምናስነሣ። አራተኛው ቅጂ የፋርጣው አልጋ ሥር፣ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ኮፒ ቤቱ ልጅ «አራተኛው ለማን ነው?» ሲለን «ለቆሎ ተማሪ» እንለዋለን። እሳት ማንደድ ዛሬም 1 ነው።